በድር መተግበሪያ ፎቶና ሰነድ መቀበል፣ ማስቀመጥና ማቅረብ፦ በጃንጎ ለሚሠሩ የአሠራር መመሪያ

ተጠቃሚዎች ፋይል በሚጭኑበት መተግበሪያ ውስጥ ፋይሉን መቀበል ቀላሉ ክፍል ነው፤ በፓይተን ቋንቋ የሚጻፍ የድር መተግበሪያ መሥሪያ የሆነው ጃንጎ ይህንን በጥቂት የኮድ መስመሮች ይሠራዋል። የሚከብደው ፋይሉ ከገባ በኋላ የት እንደሚቀመጥ፣ በምን ስም እንደሚጠራ፣ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ መወሰን ነው። ይህ ውሳኔ ፎርሙ ከመጻፉ በፊት ካልተወሰደ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች ከተከማቹ በኋላ ማስተካከሉ እጅግ አድካሚ ይሆናል።

ለምሳሌነት የምንጠቀመው የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ነው። አከራዩ የቤቱን ፎቶዎች ማንም ጎብኚ እንዲያያቸው ይጭናል፤ የይዞታ ካርታውን ወይም የውክልና ሰነዱን ቅጂ ግን የድረ ገጹ ሠራተኛ ብቻ አይቶ እንዲያረጋግጥ ይልካል። ሁለቱ የፋይል ዓይነቶች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተለያየ መንገድ መሄድ ስላለባቸው ምሳሌው ለጉዳያችን ይመቻል። መተግበሪያው በጃንጎ ተጽፎ፣ በጉኒኮርን (የፓይተን መተግበሪያን በሚያስኬድ ፕሮግራም) እየሠራ፣ ከፊቱ ኤንጂንኤክስ (የጎብኚዎችን ጥያቄ ቀድሞ የሚቀበል የድር ሰርቨር) ባለበት የሊነክስ ሰርቨር ላይ እንደተቀመጠ እንቆጥራለን። እንደ ላራቬል ወይም ኖድ ባሉ ሌሎች የድር መሥሪያዎች የሚሠራ አንባቢ የቅንብሮቹ ስም ቢለያይበትም ቅደም ተከተሉ ያገለግለዋል። የቅንብሮቹን ስም እንደ አነባበባቸው ጽፈናል፤ በኮድ ውስጥ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ናቸው።

1. የማስቀመጫ ቦታውን መወሰን

የተጫኑ ፋይሎች ከመተግበሪያው ኮድ ፎልደር ውጭ፣ ራሱን በቻለ ቦታ መቀመጥ አለባቸው። ኮዱ አዲስ እትም በተለቀቀ ቁጥር የሚተካ ሲሆን፣ የተጠቃሚዎቹ ፋይሎች ግን አንድ ጊዜ ከጠፉ ከየትም አይመጡም። በጃንጎ ይህ ቦታ ሚዲያ ሩት በሚባለው ቅንብር ሙሉ አድራሻው ይገለጻል፤ ፋይሎቹ በብሮውዘር የሚጠሩበት አድራሻ ደግሞ ሚዲያ ዩአርኤል ይባላል፤ ይህኛው በእዝባር ማለቅ አለበት። ሚዲያ ሩት የስታይል ፋይሎችና የጃቫስክሪፕት ኮድ ከሚሰበሰቡበት ከስታቲክ ሩት ጋር ፈጽሞ አንድ መሆን የለበትም። በስታቲክ ፎልደር ውስጥ ያለውን የጻፈው ፕሮግራመሩ ነው፤ በሚዲያ ፎልደር ውስጥ ያለውን ያመጣው የማናውቀው ሰው ነው።

ፋይሉን ራሱን በዳታቤዝ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ በአንድ ፊልድ እስከ 1 ጊጋባይት መያዝ ስለሚችል መልሱ ይቻላል ነው፤ ሆኖም የዳታቤዙ መጠባበቂያ ቅጂ በፎቶ ብዛት ያብጣል፤ እያንዳንዱም ምስል ለመታየት በመተግበሪያው በኩል ማለፍ ይኖርበታል። ስለዚህ በዳታቤዙ ውስጥ የፋይሉን አድራሻ፣ መጠን፣ ዓይነትና ባለቤት ብቻ መመዝገብ ይመረጣል።

መተግበሪያው በዶከር ኮንቴይነር (መተግበሪያውን ከነሚያስፈልገው በአንድ ጥቅል በሚያስኬድ ዘዴ) ወይም በሄሮኩ ዓይነት የመተግበሪያ ማስተናገጃ አገልግሎት ላይ የሚሠራ ከሆነ፣ በውስጡ ያለው ዲስክ ጊዜያዊ መሆኑ መረሳት የለበትም። ኮንቴይነሩ ተወግዶ በአዲስ ሲተካ በውስጡ የተጻፈው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የሄሮኩ ማሽኖች ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ስለሚነሡ ትናንት የተጫነ ፎቶ ዛሬ ላይገኝ ይችላል። መፍትሔው በዶከር ቋሚ ቮልዩም (ከኮንቴይነሩ ውጭ የሚቆይ ማከማቻ) ማያያዝ፣ በሌላው ደግሞ እንደ አማዞን ኤስ ስሪ ያለ የዕቃ ማከማቻ (ፋይሎችን በኢንተርኔት የሚያስቀምጥ አገልግሎት) መጠቀም ነው።

በምሳሌያችን ሁለት ማከማቻ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለሕዝብ ክፍት ለሆኑ ፎቶዎች፣ ሌላው ለምስጢራዊ ሰነዶች። በ2023 ከወጣው ጃንጎ 4.2 ጀምሮ ስቶሬጅስ የሚባለው ቅንብር ብዙ ማከማቻዎችን በየስማቸው ለማስመዝገብ ስለሚያስችል፣ እያንዳንዱ የሞዴል (የዳታቤዝ ሠንጠረዥን የሚገልጽ ኮድ) ፊልድ የራሱን ማከማቻ መጥራት ይችላል። የቀድሞው ዲፎልት ፋይል ስቶሬጅ የሚባለው ቅንብር በጃንጎ 5.1 የተወገደ በመሆኑ ከድሮ ጽሑፎች ኮድ የሚገለብጥ ሰው ይህንን ያስተውል። የምስጢራዊው ማከማቻ ፎልደር በሚዲያ ሩት ውስጥ መግባት የለበትም። ከገባ ግን ኤንጂንኤክስ ማንንም ሳይጠይቅ ያቀርበዋል።

2. ለፋይሉ ስም ማውጣት

ተጠቃሚው የላከው የፋይል ስም ለማስቀመጫነት አያገለግልም። አንደኛ፣ የስልክ ካሜራዎች ስም የሚሰጡት በቁጥር በመሆኑ የብዙ ሰዎች ፎቶ አንድ ዓይነት ስም ይዞ ይመጣል። ጃንጎ እንዲህ ዓይነት ግጭት ሲያጋጥመው ከስሙ ጫፍ 7 የዘፈቀደ ፊደላትን ይጨምራል እንጂ አሮጌውን አይደመስስም፤ ስሙ ግን የማይገመት አይሆንም። ሁለተኛ፣ ስሙ የግል መረጃ ሊይዝ ይችላል፤ ሰዎች የካርታቸውን ቅጂ በሙሉ ስማቸው መሰየም ይወዳሉ።

ሦስተኛው ምክንያት በአማርኛ ለምንጠቀም ሰዎች በተለይ የሚነካ ነው። ጃንጎ የፋይል ስምን ሲያጸዳ የግእዝ ፊደላትን አያወጣቸውም፤ እንዳሉ ይተዋቸዋል። ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ግን እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የሊነክሱ ኤክስት 4 የፋይል ሥርዓት ደግሞ ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። እናም በላቲን 255 ፊደል የሚችለው ስም በአማርኛ 85 ፊደል ላይ ያቆማል። በጃንጎ የፋይል ፊልድ ያልተቀየረ ርዝመትም ፎልደሩን ጨምሮ 100 ፊደል ነው። ስሙ በድር አድራሻ ውስጥ ሲገባ ነገሩ ይብሳል፤ አንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክቶች ስለሚፈታ፣ አከራዩ በቴሌግራም የሚልከው ሊንክ ማንም የማያነበው ረጅም ሰንሰለት ይሆናል።

ስለዚህ አፕሎድ ቱ ለሚባለው የፊልዱ አማራጭ አንድ አነስተኛ ፋንክሽን ይጻፍለት። ፋንክሽኑ በዓመትና በወር የተከፈለ ፎልደር፣ ከዚያም በዩዩአይዲ 4 የተፈጠረ የዘፈቀደ ስም፣ በመጨረሻም ከተረጋገጠው የፋይል ዓይነት የተገኘ ቅጥያ (በስሙ መጨረሻ ዓይነቱን የሚያሳየው ክፍል) ያቀናብራል። ቅጥያው ተጠቃሚው ከጻፈው ስም መወሰድ የለበትም። የመጀመሪያው ስም አስፈላጊ ከሆነ በዳታቤዙ ውስጥ በተለየ ፊልድ ይቀመጥ፤ ፋይሉ ሲወርድ የጃንጎ ፋይል ሪስፖንስ ያንን ስም ከነአማርኛው በትክክል ለብሮውዘሩ ያስተላልፋል።

3. ፎርሙንና የመጠን ገደቦችን ማዘጋጀት

የፎርሙ የመላኪያ ዘዴ ፖስት፣ የአላላክ ዓይነቱም መልቲፓርት ፎርም ዳታ መሆን አለበት። ሁለተኛው ከተረሳ የሚደርሰው የፋይሉ ስም ብቻ ነው፤ ፋይሉ አይመጣም። ጀማሪዎች ፎርሙ ለምን ባዶ እንደሚሆን ግራ ሲገባቸው ቀድሞ መታየት ያለበት ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ መንገድ ላይ ያሉት ገደቦች አንድ በአንድ ይስተካከሉ። ኤንጂንኤክስ ካልተነገረው በስተቀር ከ1 ሜጋባይት የሚበልጥ ጥያቄን አይቀበልም፤ ስህተት 413 ብሎ ይመልሰዋል። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ በአብዛኛው ከዚህ ስለሚበልጥ ክላየንት ማክስ ቦዲ ሳይዝ የሚባለውን ቅንብር ለምሳሌ ወደ 25 ሜጋባይት ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህም ለጠቅላላው ድረ ገጽ ሳይሆን ፋይል ለሚጫንበት አድራሻ ብቻ ቢሆን ይመረጣል። በጃንጎ በኩል ደግሞ እስከ 2.5 ሜጋባይት ያለ ፋይል በኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ራም) ይያዛል፤ ከዚያ የሚበልጠው በጊዜያዊ ፎልደር ላይ ይጻፋል። ዳታ አፕሎድ ማክስ ሜሞሪ ሳይዝ የሚባለው ቅንብር በስሙ ምክንያት የፋይል ገደብ ቢመስልም የተጫኑ ፋይሎችን አይቆጥርም። የፋይሉን መጠን የሚቆጣጠር ማረጋገጫ በፎርሙ ውስጥ በራሳችን መጻፍ ይኖርብናል፤ ለአንድ ፎቶ 10 ሜጋባይት፣ ለአንድ ማስታወቂያ ደግሞ በቁጥር 12 ፎቶ ምክንያታዊ ይመስለኛል።

ኔትዎርኩ ዘገምተኛ የሆነ ተጠቃሚ የጉኒኮርንን ሠራተኛ (ጥያቄ የሚያስተናግደውን የፕሮግራሙን ክፍል) ለረጅም ጊዜ ይዞ ያቆማል የሚል ስጋት ይሰማል። ኤንጂንኤክስ የመነሻ አሠራሩ ካልተቀየረ ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ ከተቀበለ በኋላ ብቻ ወደ ኋላ ስለሚያስተላልፍ ይህ ስጋት አይሠራም፤ ያለ ኤንጂንኤክስ ጉኒኮርንን ብቻውን ለዓለም የሚከፍት ሰው ግን በትክክል ይቸገራል።

4. የተላከው ፋይል ምን እንደሆነ ማረጋገጥ

ብሮውዘሩ ከፋይሉ ጋር የሚልከው ስም፣ ቅጥያና የይዘት ዓይነት ሁሉም የላኪው ቃል ብቻ ናቸው፤ በአንድ መስመር ትእዛዝ ሊቀየሩ ይችላሉ። ስለዚህ የቅጥያ ማረጋገጫ ለመልካም ተጠቃሚ የስህተት መልእክት ለመስጠት ይጠቅማል እንጂ ለጥበቃ አይሆንም።

ከቃሉ ይልቅ ባይቶቹ ይጠየቁ። ማንኛውም የጄፔግ ፋይል በ255፣ 216 እና 255 ባይቶች ይጀምራል፤ ፒኤንጂ በ137፣ 80፣ 78 እና 71 ይጀምራል፤ የፒዲኤፍ ሰነድም ከመጀመሪያው የራሱን የታወቀ ምልክት ይይዛል። የጃንጎ ኢሜጅ ፊልድ ፒሎ በሚባለው የምስል ላይብረሪ ይህንንና ተጨማሪ ምርመራ ያደርጋል። ሆኖም የጃንጎ መመሪያ ራሱ እንደሚያስጠነቅቀው፣ ትክክለኛ የፒኤንጂ ራስጌ (የፋይሉ የመጀመሪያ መለያ ክፍል) ይዞ ቀጥሎ ተንኮለኛ ኤችቲኤምኤል ያለበት ፋይል ይህንን ምርመራ ሊያልፍ ይችላል። ከዚህ የሚያድነው ቀጥሎ በደረጃ 5 የተገለጸው ምስሉን እንደ አዲስ የመጻፍ ሥራና በደረጃ 6 የተገለጸው የአቀራረብ ጥንቃቄ ነው።

የሚፈቀዱት የምስል ዓይነቶች በዝርዝር ይወሰኑ፤ ጄፔግ፣ ፒኤንጂና ዌብፒ በቂ ናቸው። ኤስቪጂ ምስል ቢመስልም የኤክስኤምኤል ጽሑፍ ስለሆነ በውስጡ ጃቫስክሪፕት መሸከም ይችላል፤ ከማይታወቅ ሰው መቀበል አያስፈልግም።

የሚረሳ ሌላ አደጋ አለ። ወርዱና ቁመቱ 10,000 ፒክሰል የሆነ፣ በአንድ ቀለም ብቻ የተሞላ የፒኤንጂ ምስል በዲስክ ላይ እጅግ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ሲከፈት ግን በእያንዳንዱ ፒክሰል 3 ባይት ተይዞ 300 ሚሊዮን ባይት ማስታወሻ ይጠይቃል። እንዲህ ያሉ ጥቂት ፋይሎች በአንድ ጊዜ ቢላኩ 1 ጊጋባይት ማስታወሻ ያለውን ሰርቨር ይጥሉታል። ፒሎ ወደ 89 ሚሊዮን ፒክሰል ገደማ ላይ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ ሥራውን የሚያቆመው ከዚያ እጥፍ ሲያልፍ ነው። የምሳሌያችን ምስል 100 ሚሊዮን ፒክሰል ስለሆነ ያልፋል ማለት ነው። ፒሎ ፋይሉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያነበው ራስጌውን በመሆኑ፣ ወርዱን በቁመቱ አባዝቶ ከ50 ሚሊዮን ፒክሰል የሚበልጠውን ሳይፈቱት መመለስ ይቻላል። ባለ 48 ሜጋፒክሰል ስልክ ያለው አከራይ በዚህ ገደብ አይጎዳም።

ለካርታና ለውክልና ቅጂዎች ፒዲኤፍና ምስል ብቻ ይፈቀዱ። ሠራተኞች እነዚህን ሰነዶች በቢሮ ኮምፒውተር ስለሚከፍቷቸው፣ ክላምኤቪ በተባለው ነጻ የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም ማስፈተሹ ወጪ የሌለው ተጨማሪ ጥንቃቄ ነው።

5. ፎቶውን እንደ አዲስ መጻፍ

ተጠቃሚው የላከው ፎቶ እንዳለ ለጎብኚ መቅረብ የለበትም። ፒሎ ይክፈተው፤ ይመጥነውና አዲስ ፋይል አድርጎ ይጻፈው። በዚህ አንድ ሥራ ከምስሉ ጋር የተጣበቀ ባዕድ ኮድ ይቀራል፤ መጠኑ ይቀንሳል፤ የግል መረጃም ይወገዳል።

የመጨረሻው ነጥብ ለቤት ማስታወቂያ ትልቅ ጉዳይ ነው። የስልክ ካሜራ የቦታ ፈቃድ ከተሰጠው፣ ፎቶው የተነሳበትን ኬንትሮስና ኬክሮስ ኤግዚፍ በሚባለው የመረጃ ክፍል ውስጥ ይጽፋል። አከራዩ በማስታወቂያው ላይ አያት ወይም ገርጂ ብሎ ሰፈሩን ብቻ ቢጽፍም፣ ፎቶውን ያወረደ ሰው የግቢውን በር ድረስ ሊያውቅ ይችላል። ፒሎ ጄፔግ ሲጽፍ ኤግዚፉን ካልተሰጠው በስተቀር አያስተላልፍም። ነገር ግን የፎቶው አቅጣጫም የሚመዘገበው በዚያው ክፍል በመሆኑ፣ ቀድሞ ኤግዚፍ ትራንስፖዝ በሚባለው የፒሎ ፋንክሽን ምስሉን ማቅናት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሳሎኑ በጎኑ ተኝቶ ይታያል።

አይፎኖች ከአይኦኤስ 11 ወዲህ፣ ማለትም ከ2017 ጀምሮ፣ ፎቶን በኤችኢአይሲ ዓይነት ማስቀመጥ ጀምረዋል። ፒሎ ብቻውን ይህንን አያነብም፤ ከሳፋሪ ውጭ ያሉት አብዛኞቹ ብሮውዘሮችም አያሳዩትም። ፒሎ ሂፍ የተባለው ተጨማሪ ከተጫነ ግን ፎቶውን ተቀብሎ ወደ ጄፔግ ወይም ዌብፒ መለወጥ ይቻላል። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሆነው አዲስ አበባ ያለ ቤታቸውን የሚያከራዩ ብዙ ስለሆኑ ይህ ጭማሪ ይጠቅማል።

ሁለት መጠን ይበቃል፦ ለዝርዝር ገጹ 400 ፒክሰል ወርድ፣ ለሙሉ ዕይታው 1,600 ፒክሰል ወርድ። ዋናው ፋይል ይቀመጥ ወይስ ይጣል የሚለው በሥራው ዓይነት ይወሰናል፤ ለፎቶ አንሺዎች ድረ ገጽ መያዝ ግዴታ ሲሆን፣ ለኪራይ ማስታወቂያ ግን ዲስክ ከመሙላት በቀር ጥቅም ስለሌለው ቢጣል እመርጣለሁ።

ይህ ሥራ ሴለሪን በመሰለ የኋላ ሠራተኛ (ሥራን በወረፋ ተቀብሎ ከገጹ ምላሽ ውጭ በሚያከናውን ፕሮግራም) እንዲከናወን ከተፈለገ፣ ትእዛዙ ወደ ወረፋው የሚገባው የዳታቤዙ ትራንዛክሽን (በአንድነት የሚጸድቅ ወይም የሚቀለበስ የለውጦች ስብስብ) ከጸደቀ በኋላ መሆን አለበት፤ ለዚህም የጃንጎ ኦን ኮሚት አለ። ያለዚያ ሠራተኛው ገና ያልተጻፈ መዝገብ ፈልጎ ያጣል፤ ስህተቱም አንዳንዴ እየታየ አንዳንዴ ስለሚሰወር ለማግኘት ያስቸግራል።

6. ፋይሎቹን ለተመልካች ማቅረብ

በልማት ጊዜ ጃንጎ ሚዲያ ፋይሎችን ራሱ ማቅረብ ይችላል፤ ዲበግ የሚባለው የልማት ጊዜ ቅንብር ሲዘጋ ግን ይህ ያቆማል። በሥራ ላይ ባለ ሰርቨር ክፍት ፎቶዎችን የሚያቀርበው ኤንጂንኤክስ ነው። ከሚዲያው ፎልደር ለሚወጣ ለእያንዳንዱ ምላሽ ኤክስ ኮንቴንት ታይፕ ኦፕሽንስ የሚባለው ራስጌ (ከምላሹ ጋር ለብሮውዘሩ የሚላክ መመሪያ) ኖስኒፍ ተብሎ ይጨመር፤ ይህም ብሮውዘሩ ምስል የተባለውን ፋይል ኤችቲኤምኤል ነው ብሎ በራሱ ግምት እንዳይከፍት ይከለክለዋል። ከተቻለ ፋይሎቹ ከዋናው ድረ ገጽ በተለየ ዶሜይን ይቅረቡ። ስሞቹ የዘፈቀደ ስለሆኑና ይዘታቸው ስለማይለወጥ ብሮውዘሩ ለረጅም ጊዜ እንዲያስቀምጣቸው ማዘዝም ይቻላል።

ለምስጢራዊ ሰነዶች መንገዱ ሌላ ነው። ጥያቄው መጀመሪያ ወደ ጃንጎ ይሄዳል፤ ጃንጎ ጠያቂው መብት ያለው ሠራተኛ ወይም የሰነዱ ባለቤት መሆኑን ካጣራ በኋላ፣ ፋይሉን ራሱ ከማንበብ ይልቅ ኤክስ አክሴል ሪዳይሬክት የሚባል ራስጌ የያዘ ባዶ ምላሽ ይሰጣል። ኤንጂንኤክስ ያንን ራስጌ ሲያይ ኢንተርናል ተብሎ ከተሰየመው አድራሻ ፋይሉን አውጥቶ ያቀርባል፤ ከውጭ በቀጥታ ወደዚያ አድራሻ የሚመጣ ሰው 404 ይመለስለታል። ስሙ የማይገመት ስለሆነ ብቻ ሰነዱ የተጠበቀ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም፤ ሊንክ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ሰነድ እንዳየም ይመዝገብ።

እነዚህን ሰነዶች ውጭ አገር ባለ የዕቃ ማከማቻ ላይ ለማኖር የሚያስብ ሰው፣ የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃን ከአገር ውጭ ስለማስተላለፍ የሚደነግገውን አስቀድሞ ያንብብ።

7. ለደካማ ኔትዎርክ ማመቻቸት

እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት የሆኑ 5 ፎቶዎች በአንድ ላይ 160 ሜጋቢት ይሆናሉ፤ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ይህ ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ ይወስዳል። ፎቶዎቹ ከመላካቸው በፊት በብሮውዘሩ ውስጥ በካንቫስ (በብሮውዘሩ የምስል መሥሪያ) ወደ 1,600 ፒክሰል ቢቀነሱና እያንዳንዳቸው 400 ኪሎባይት ቢሆኑ፣ ያው ሥራ 16 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ የአከራዩም የዳታ ወጪ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ በላኪው ማሽን ላይ የሚሠራ በመሆኑ የደረጃ 4ንና 5ን ምርመራ አይተካም።

ፎቶዎቹ በአንድ ትልቅ ጥያቄ ሳይሆን አንድ በአንድ ይላኩ፤ መስመር ቢቋረጥ የሚደገመው አንዱ ብቻ ይሆናል። የሂደቱን መቶኛ ለማሳየት በጃቫስክሪፕት ኤክስኤምኤል ኤችቲቲፒ ሪኩዌስት ይሻላል፤ ፌች የተባለው ሌላው የጃቫስክሪፕት መላኪያ የመላክ ሂደትን አያሳውቅም። ለቪዲዮ ደግሞ ከተቋረጠበት የሚቀጥለውን ተስ የተባለ ክፍት ፕሮቶኮል መጠቀም ይመከራል።

ኤስ ስሪ ጥቅም ላይ ከዋለ፣ ጊዜው የተወሰነ የተፈረመ አድራሻ ለብሮውዘሩ በመስጠት ፋይሉ በቀጥታ ወደ ማከማቻው እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። አድራሻው እስከ 7 ቀን ሊቆይ ቢችልም ለመጫን 10 ደቂቃ ይበቃል። ፑት በሚባለው የመላኪያ ዘዴ የተፈረመ አድራሻ የመጠን ጣሪያ ለመጣል ስለማይመች፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን መጠን በፖሊሲው ውስጥ ለመወሰን የሚያስችለው የፖስት አፈራረም ይመረጥ። ፋይሉ መጀመሪያ በመቆያ ፎልደር አርፎ፣ ሰርቨሩ መርምሮ እንደ አዲስ ከጻፈው በኋላ ብቻ ወደ ክፍቱ ማከማቻ ይለፍ። በክፍልፋይ የተላኩ ትልልቅ ፋይሎች መሐል ላይ ሲቋረጡ የደረሱት ክፍሎች ሳይታዩ ተከማችተው ስለሚያስከፍሉ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንዲጠፉ የሚያዝ ደንብ ይቀመጥ።

8. ማጥፋትና መጠባበቂያ ቅጂ

ከ2011ዱ ጃንጎ 1.3 ጀምሮ አንድ መዝገብ ሲሰረዝ ተያያዡ ፋይል አብሮ አይሰረዝም። አከራዩ ማስታወቂያውን አጥፍቻለሁ ብሎ ሲያምን ፎቶው በዲስኩ ላይ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ መዝገቡ ከተሰረዘ በኋላ የሚነሳ ሲግናል (በራሱ የሚጠራ ኮድ) ይጻፍ፤ ፋይሉንም ትራንዛክሽኑ ሲጸድቅ ብቻ ያጥፋ፤ ትራንዛክሽኑ ከተቀለበሰ መዝገቡ ተመልሶ ፋይሉ ግን የጠፋ እንዳይሆን ነው። አከራዩ ፎቶ ሲቀይርም አሮጌው መጥፋት አለበት። የካርታና የውክልና ቅጂዎች ማረጋገጡ ካበቃ በኋላ የሚቆዩበት ቀን ተወስኖ በየሌሊቱ በሚሠራ ትእዛዝ ይወገዱ።

መጠባበቂያ ሲወሰድ ዳታቤዙ ይቅደም፤ ፋይሎቹ ይከተሉ። በዚህ ቅደም ተከተል በመሐል የተጫነ ፎቶ መዝገብ የሌለው ትርፍ ፋይል ሆኖ ይቀራል፤ በተቃራኒው ከሆነ ግን መዝገቡ ኖሮ ፋይሉ የሌለ፣ በገጹም ላይ የተሰበረ ምስል ሆኖ ይታያል። ትርፍ ፋይሎችን የሚለቅመው ትእዛዝ ከአንድ ቀን በታች ዕድሜ ያላቸውን መንካት የለበትም፤ ገና በመመዝገብ ላይ ያለ ሊኖር ይችላል። ቅጂው በሌላ ማሽን ላይ ይሁን፤ በየወሩም ወደ ባዶ ሰርቨር ተመልሶ ጥቂት ገጾች ይከፈቱ።

የዲስክ ክትትል ሲዘጋጅ ከባይት በተጨማሪ የአይኖድ (የፋይል ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚይዘው መዝገብ) ብዛት ይታይ። ኤክስት 4 በመነሻ ቅንብሩ ለእያንዳንዱ 16 ኪሎባይት አንድ አይኖድ ብቻ ስለሚመድብ፣ በብዙ ትናንሽ ምስሎች የተሞላ ዲስክ ገና ነጻ ቦታ እያለው አዲስ ፋይል አልቀበልም ሊል ይችላል፤ ይህንንም የዲኤፍ ትእዛዝ ከአይ አማራጩ ጋር ያሳያል።